መድኃኒትና ኦርጋኒክ ውሁዶች

ክኒን የሚለውን ቃል ዛሬ የምንጠቀምበት በጠጣርነቱ ለሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ ነው። «የራስ ምታት ክኒን»፣ «የኮሶ ክኒን» እንላለን። ቃሉ ወደ ቋንቋችን ሲገባ ግን የአንድ መድኃኒት ብቻ መጠሪያ ነበር። ያም መድኃኒት ወባ ይታከምበት የነበረው ኪኒን ነው። የስሙም መነሻ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች አካባቢ የሚነገረው የኬችዋ ቋንቋ የዛፍ ቅርፊትን የሚጠራበት «ኪና» የተባለው ቃል ነው። እንግዲህ የዛፍ ቅርፊት ስም የአንድ መድኃኒት ስም ሆነ፤ የአንዱ መድኃኒት ስም ደግሞ በአማርኛ የሚዋጡ መድኃኒቶች ሁሉ የወል መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። የቃል ትርጉም መስፋት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ግርታ እንዳይፈጠር ከዚህ በታች «ኪኒን» ሲባል የወባውን መድኃኒት ብቻ፣ «ክኒን» ሲባል ግን ማንኛውንም የሚዋጥ እንክብል የሚያመለክት መሆኑን አስቀድማችሁ ያዙ። የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛፍ ቅርፊት በሽታን የሚያድነው በምኑ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሳይንስ ክፍል የመድኃኒት ኬሚስትሪ ይባላል። ይህ ትምህርት የሚመራመረው በአብዛኛው ኦርጋኒክ ውሁዶች በሚባሉት ነገሮች ላይ ስለሆነ፣ በቅድሚያ የዚህን ስያሜ ትርጉም መረዳት ያስፈልጋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስዊድናዊው ቤርሴሊዩስና የዘመኑ ሊቃውንት የዓለምን ነገሮች በሁለት ይከፍሏቸው ነበር። ከድንጋይ፣ ከአፈርና ከማዕድን የሚገኙትን በአንድ ወገን፣ ከዕፀዋትና ከእንስሳት አካል የሚገኙትን በሌላ ወገን መደቧቸው። ሁለተኛዎቹን «ኦርጋኒክ» አሏቸው፤ የሕያዋን አካል ውጤቶች ማለታቸው ነበር። እነዚህንም ሰው በብልቃጥ ሊሠራቸው አይችልም፣ የሚያስገኛቸው አንድ ስውር የሕይወት ኃይል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ በ1828 የቤርሴሊዩስ ተማሪ የነበረው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር አሞኒየም ሲያኔት የተባለውን ጨው በማሞቅ ዩሪያን አገኘ። ዩሪያ በሰውና በእንስሳት ሽንት ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፤ ገበሬዎቻችን ለማዳበሪያነት የሚያውቁትም ይኸው ዩሪያ ነው። ያለ ኩላሊት ዩሪያ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ቢቀርም ትርጉሙ ተለወጠ። ዛሬ ኦርጋኒክ ውሁድ ሲባል ካርቦንን መሠረት አድርጎ የተገነባ ውሁድ ማለት ነው፤ ከቅጠል ይገኝ ወይም ከፋብሪካ ይውጣ ለውጥ የለውም።

በማስተምርበት ዘመን ብዙ ተማሪዎች በድርሰታቸው ውስጥ «ኬሚካል» የሚለውን ቃል የመርዝ ስም አድርገው፣ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ደግሞ የደኅንነት ምስክር አድርገው ይጽፉ ነበር። አጠቃቀሙ የተሳሳተ ነው። ከቅርፊት የተነጠረው ኪኒን ኬሚካል ነው፤ ውኃም ኬሚካል ነው። ብዙ የታወቁ መርዞችም ከተክል የሚገኙ ናቸው።

ካርቦን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች የሚለየው በምንድን ነው? እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ከሌሎች አቶሞች ጋር የሚያያዝባቸው አራት ማሰሪያዎች አሉት። ከሌላ የካርቦን አቶም ጋርም አጥብቆ ይያያዛል። ከዚህም የተነሣ ካርቦኖች እርስ በርሳቸው ተቀጣጥለው ረዥም ሰንሰለት፣ ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ወይም የተዘጋ ቀለበት ይሠራሉ፤ በየጎናቸውም ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን፣ ክሎሪንና ሌሎችም ይንጠላጠሉባቸዋል። በጥቂት ዓይነት አቶሞች እጅግ ብዙ ዓይነት ሞለኪዩሎች መሥራት የሚቻለው ስለዚህ ነው።

ይህን ለመረዳት የራሳችን ቋንቋ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። «ቀረበ» እና «ቀበረ» የሚሉትን ግሦች ተመልከቱ። ሁለቱም የተሠሩት ከቀ፣ ከረና ከበ ነው። የተለየው የፊደላቱ ቅደም ተከተል ብቻ ሲሆን፣ ትርጉማቸው ግን ምንም አይገናኝም። አሞኒየም ሲያኔትና ዩሪያም እንዲሁ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ያሉት አቶሞች በዓይነትም በቁጥርም አንድ ናቸው፤ የተለያዩት በአያያዛቸው ነው። ስለዚህ አንድ ኬሚስት «በዚህ መድኃኒት ውስጥ ምን ምን አለ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ አይበቃውም። «ምኑ ከምኑ ጋር ተያይዟል?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ይህን ሳያውቁ መነሣት ወዴት እንደሚያደርስ የኪኒን ታሪክ ያሳያል። ሲንኮና የተባለው የአንዲስ ዛፍ ቅርፊት ለትኩሳት መድኃኒትነቱ በአውሮፓ የታወቀው በ17ኛው መቶ ዓመት ነበር። ቅርፊቱ ተወቅጦ በወይን ጠጅ እየተበጠበጠ ይጠጣ ነበር። ነገር ግን አንዱ ዛፍ ከሌላው ዛፍ ስለማይመሳሰል፣ በአንድ ማንኪያ ዱቄት ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ በሽተኛ የማይበቃውን ሲወስድ፣ ሌላው ጆሮው እስኪጮህ ድረስ ከልክ በላይ ይወስድ ነበር። በ1820 ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በፓሪስ ከቅርፊቱ ውስጥ መራራውን ንጥር ለይተው አወጡና ኪኒን ብለው ሰየሙት። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን በሚዛን መዝኖ መስጠት ተቻለ። ለእኔ ከኪኒን ታሪክ ሁሉ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ልኩ የማይታወቅ መድኃኒት ከመድኃኒትነቱ ግማሹን ያጣ ነውና።

ሆኖም የኪኒን ፍላጎት በዓለም ሲበዛ ዛፉ አልበቃ አለ። ስለዚህ ኪኒንን በብልቃጥ ለመሥራት ታሰበ። በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት በለንደን በወላጆቹ ቤት በሠራት አነስተኛ ቤተ ሙከራ ይህን ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ የሚታወቀው አንድ የኪኒን ሞለኪዩል 20 የካርቦን፣ 24 የሃይድሮጅን፣ 2 የናይትሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች ያሉት መሆኑ ብቻ ነበር። ፐርኪንም ከከሰል ቅጥራን የሚገኝ፣ 10 ካርቦን፣ 13 ሃይድሮጅንና 1 ናይትሮጅን ያለው ውሁድ መረጠ። ሁለቱን ሞለኪዩሎች ቢያጣምር፣ ኦክስጅን ቢጨምርና አንድ የውኃ ሞለኪዩል ቢያስወግድ ሒሳቡ በትክክል ኪኒንን ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ስሕተት አልነበረም። በብልቃጡ ውስጥ የተገኘው ግን ቀላ ያለ ቡናማ አተላ ነበር። ሙከራውን በሌላ የቅጥራን ውጤት ሲደግመው ደግሞ ጥቁር ነገር አገኘ፤ ከዚህም ውስጥ ሐርን የሚያቀልም ደማቅ ሐምራዊ ቀለም ወጣ። ወጣቱ በቀለሙ ንግድ ባለጸጋ ሆነ፤ የወባ በሽተኛ ግን አንዳች አልተጠቀመም። የኪኒን አቶሞች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተያያዙ የታወቀው ከ52 ዓመታት በኋላ በ1908 በጀርመናዊው ፓውል ራቤ ነው።

ቅደም ተከተሉን ማወቅም እንኳ አንዳንድ ጊዜ አይበቃም። በሲንኮና ቅርፊት ውስጥ ከኪኒን ጋር ኪኒዲን የሚባል ሌላ ውሁድ ይገኛል። አቶሞቹ አንድ ናቸው፤ አያያዛቸውም አንድ ነው። የሚለዩት በሞለኪዩሉ መካከል ያሉ አቶሞች በየትኛው አቅጣጫ እንደዞሩ ብቻ ነው። ኪኒዲንም ወባን ይዋጋል፤ ነገር ግን በልብ ምት ላይ ያለው ኃይል ከኪኒን የበረታ ስለሆነ የልብ ምት መዛባትን ለማከም ሲያገለግል ቆይቷል። «አለ» የሚለውን ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት መሆኑን ታውቃላችሁ። በጽሕፈት ልዩነት የለውም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በድምፅ ነው። የኪኒንና የኪኒዲን ልዩነትም በተራ ጽሕፈት አይታይም፤ የሰውነታችን ሕዋሳት ግን ያነቡታል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሳይቀር ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደታመሙና 150,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል። በዚያን ጊዜ ከኪኒን የበለጠ የሚሠራበት መድኃኒት ተገኝቶ ነበር፤ ክሎሮኪን ይባላል። ክሎሮኪንን በ1934 የሠራው ሐንስ አንደርዛግ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። መጀመሪያ መርዛማነቱ የበዛ መስሎ ስለታየ ወደ ጎን ተትቶ ቆይቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን እንደገና መርምረው ጠቃሚነቱን አረጋገጡ። ኪኒንና ክሎሮኪን በመልካቸው የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ 9 ካርቦንና 1 ናይትሮጅን ተያይዘው የሠሩት ኪኖሊን የተባለ ጥንድ ቀለበት አለ። በክሎሮኪን ቀለበት ላይ አንድ የክሎሪን አቶም ተተክሏል፤ በሌላው ጎን ደግሞ ናይትሮጅን ያለበት ጭራ ተቀጥሏል።

ይህ ጭራ ለጌጥ አይደለም። የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ይመገባል። ከምግቡ የሚተርፈው ሄም የተባለው ብረት አዘል ክፍል ለራሱ ለተሕዋሱ መርዝ ነው፤ ስለሆነም ሄሙን እያጠጠረ ጉዳት ወደማያደርስ ክሪስታል ይለውጠዋል። ይህ የሚፈጸመው አሲድነት ባለበት አንዲት ጥቃቅን ከረጢት ውስጥ ነው። ክሎሮኪን በጭራው ናይትሮጅን ምክንያት የቤዝ ጠባይ አለው። ወደ ከረጢቷ ሲገባ ከአሲዱ ሃይድሮጅን ይቀበልና ኤሌክትሪካዊ ሙል ያገኛል፤ ሙል ያለው ሞለኪዩል ደግሞ ሽፋኑን አልፎ በቀላሉ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ዓይነት ክሎሮኪን በከረጢቷ ውስጥ ይከማቻል፤ ጠፍጣፋው ቀለበቱም ከሄም ጋር ተለጥፎ ክሪስታል እንዳይሆን ያግደዋል። ተሕዋሱ በገዛ ምግቡ ትራፊ ተመርዞ ይሞታል።

ነገር ግን ተሕዋሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በደቡብ አሜሪካ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ክሎሮኪንን የተላመደ ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ታየ። በከረጢቷ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ተለውጦ መድኃኒቱን መልሶ የሚያስወጣ በር ሆኖ ነበር። ኢትዮጵያም ለፋልሲፓረም ወባ በክሎሮኪን መታከም ቀርቶ በ1998 በሌላ መድኃኒት እንዲተካ፣ ያም ሲዳከም በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን በተባሉ ሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት እንዲለወጥ አደረገች።

አርቴሜተር የመጣው ከሌላ አገርና ከሌላ ተክል ነው። በ1967 የቻይና መንግሥት ለወባ አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ ምሥጢራዊ የምርምር ሥራ ጀመረ። በ1969 ቱ ዩዩ የተባለች ተመራማሪ በቤጂንግ አንድ ቡድን እንድትመራ ተመደበች። ቡድኑ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን እየመረመረ የብዙ ተክሎችን ጭማቂ በታመሙ አይጦች ላይ ሞከረ። አርቴሚሲያ አንዋ የተባለው መዓዛማ ተክል አንድ ጊዜ ተስፋ ሰጪ ሆኖ ሲታይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይሠራ ይቀር ነበር። ቱ ዩዩ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጌ ሆንግ የጻፈውን መመሪያ እንደገና አነበበች። መመሪያው ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አያዝም። ምናልባት መድኃኒቱን የሚያጠፋው የማፍያው ሙቀት ቢሆንስ? ስለዚህ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላውን ኢተርን አሟሚ አድርጋ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በጥቅምት 1971 የተሞከረው ይህ ጭማቂ በአይጦቹ ደም ውስጥ የነበረውን ተሕዋስ ፈጽሞ አጠፋ። በበሽተኞች ላይ ከመሞከሩ በፊት እርስዋና ባልደረቦችዋ ራሳቸው ወስደው ደኅንነቱን ፈተኑ። በ1972 ንጹሑ ክሪስታል ተለይቶ ወጣ፤ አርቴሚሲኒን የሚባለውም እርሱ ነው። ቱ ዩዩ ለዚህ ሥራዋ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆናለች።

በአገራችን የሚታወቁት አሪቲና ጭቁኝ የአርቴሚሲያ ወገን ናቸው። ነገር ግን የወገን አንድነት የውሁድ አንድነት ማለት ስላልሆነ ወባን በእነርሱ ለማከም መሞከር አደገኛ ነው፤ አርቴሚሲኒን በሚጠቅም መጠን የሚገኘው በአንዋ ውስጥ ነው።

የአርቴሚሲኒን አሠራር ሲታወቅ ብዙዎችን አስገረመ። ከኪኒን ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ ናይትሮጅን እንኳ የለበትም። ያለው 15 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅንና 5 ኦክስጅን ነው። ከአምስቱ ኦክስጅኖች ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው በቀለበቱ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግተዋል። የሁለት ኦክስጅኖች ማሰሪያ ደካማ ነው። በተሕዋሱ ከረጢት ውስጥ ከሄም ብረት ጋር ሲገናኝ ድልድዩ ይሰበራል፤ ከስብራቱም የሚወለዱት ቁጡ ቅንጣቶች የተሕዋሱን ፕሮቲኖች ያበላሻሉ። ከድልድዩ አንዱ ኦክስጅን ቢወገድ የቀረው ሞለኪዩል ከሞላ ጎደል እንደ ቀድሞው ሆኖ ሳለ መድኃኒትነቱ ይጠፋል።

እዚህ ላይ የመድኃኒት ኬሚስት ሥራ በግልጽ ይታያል። ሰ፣ በና ረ የሚሉትን ፊደላት ሳንነካ «ሰበረ»፣ «ተሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» እያልን እንደምናረባ ሁሉ፣ ኬሚስቱም ድልድዩን ሳይነካ ሌላውን ክፍል ያረባል። አርቴሚሲኒን በውኃም በዘይትም በደንብ አይሟሟም፤ ስለዚህ ራሱን የሳተ በሽተኛ ሊዋጠው አይችልም፣ በመርፌም ሊሰጠው ያስቸግራል። ኬሚስቶቹ ከድልድዩ ራቅ ባለው የሞለኪዩሉ ጫፍ ላይ ሃይድሮጅን ጨመሩ። በዚያው ጫፍ ላይ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ትንሽ ቅጥያ ሲያስገቡ በዘይት የሚሟሟውን አርቴሜተርን አገኙ። በፈንታዋ አሲድነት ያለው ቅጥያ ሲያስገቡ ደግሞ በደም ሥር መርፌ ሊሰጥ የሚችለውን አርቴሱኔትን አገኙ።

የዚህች ቅጥያ ዋጋ በሕፃናት ሕይወት ተለክቷል። በ9 የአፍሪካ አገሮች በጽኑ ወባ ታመው ሆስፒታል የገቡ 5,425 ሕፃናት ግማሾቹ በኪኒን፣ ግማሾቹ በአርቴሱኔት ታክመው ነበር። ውጤቱ በ2010 ሲታተም በኪኒን ከታከሙት 10.9 ከመቶ፣ በአርቴሱኔት ከታከሙት ግን 8.5 ከመቶ መሞታቸው ታወቀ። በቁጥር 297 እና 230 ናቸው። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጽኑ ወባ ከኪኒን ይልቅ አርቴሱኔት እንዲሰጥ መከረ። ለ190 ዓመታት ያህል የነገሠው ኪኒን ሁለተኛ ደረጃ ያዘ።

ይሁንና ተሕዋሱ አርቴሚሲኒንንም በከፊል መላመድ ጀምሯል። መላመዱ በመጀመሪያ በካምቦዲያ ታይቶ፣ ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ በሩዋንዳ፣ በዩጋንዳ፣ በታንዛኒያና በኤርትራ ተረጋግጧል። አርቴሜተር ብቻውን የማይሰጠውም አንዱ ለዚህ ነው። አርቴሜተር ብዙውን ተሕዋስ ፈጥኖ ይገድላል፤ ነገር ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደም ይወገዳል። ጓደኛው ሉሜፋንትሪን ሥራው ዝግ ያለ ቢሆንም በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ የተረፈውን የሚለቅመው እርሱ ነው። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀናት፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ እንዲወሰድ የታዘዘው ከዚህ የተነሣ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ የበረደለት በሽተኛ የቀሩትን ክኒኖች ለሌላ ጊዜ ብሎ ቢያስቀምጥ፣ ከአርቴሜተር ያመለጡት ተሕዋስያን አነስተኛ ሉሜፋንትሪን ብቻ ይገጥማቸዋል። ሐኪሙ ወይም የመድኃኒት ባለሙያው «ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱት» የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሉሜፋንትሪን አብዛኛው አካሉ የካርቦንና የሃይድሮጅን ቀለበትና ሰንሰለት ስለሆነ ውኃን ይሸሻል፣ በቅባት ግን ይሟሟል፤ ባዶ ሆድ የገባውም አብዛኛው ወደ ደም ሳይደርስ ከሰገራ ጋር ይወጣል።